በሰቃ ያደረበት ደጅ

በላይኛው መተሐራ የዕለቱ ዜና የሚጀምረው በሐይቁ፣ በበሰቃ ነው። ጎህ ሲቀድ በየምሰሶው ላይ ያሉት ድምፅ ማጉያዎች ይንኮሻኮሹና የዳርቻ ክፍሉ ተረኛ፣ እንቅልፍ ባልለቀቀው ድምፅ፣ ሐይቁ ዛሬ የት ላይ እንዳደረ ይናገራል። "ከጨርቅ ተራ በታች ካለው የግራር ጉቶ ወዲህ" ይላል፤ ወይም ደግሞ "ትናንት በነበረበት።" ከዚያ መሬቱ ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፈ ያክላል። "ደኅና አድሯል" ካለ ሕዝቡ ተነሥቶ ፊቱን ይታጠባል። "ተነካክቷል" ካለ መጀመሪያ ዕቃውን ያይና ከዚያ ፊቱን ይታጠባል። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ሱቆቹ ሁሉ ጎማ አላቸው። ሐይቁ ሲመጣ ባለሱቁ ትከሻውን አስደግፎ ሱቁን ወደ ተራራው ገፋ ያደርጋል፤ ሲሸሽ ይከተለዋል። "ትናንት እዚህ አልነበርክም እንዴ?" ብሎ የሚጠይቅ ደንበኛ የለም። የልብስ ሳሙና የሚገዛም የለም፤ የበሰቃ ውኃ ራሱ ሳሙና ነው፣ እንዲያውም ነጠላ ደጋግመው ከነከሩበት ክሩን ለቅሞ ያስቀረዋል። መጠጥ በግማሽ ብርጭቆ ይቀዳል። ሞልቶ የሚቀዳ ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ወለል መወልወል ይወዳል። የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው ካርታ ተራራው በቀለም፣ ሐይቁ ደግሞ በጠመኔ የተሳለ ነው፤ ተማሪዎች በየሰኞው የሐይቁን ጠርዝ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው እንደገና ይሥሉታል። ሰዎች ጠዋት ሲገናኙ "መሬት እንዴት አደረችላችሁ?" ይባባላሉ፤ መልሱ "ተመስገን፣ ከነሰዎቿ" ነው።

ጋሽ ናሆም ቡልቻ ይህን ሁሉ ሲያደርግ ኖሮ አንድም ቀን የሚያስገርም ነገር አደረግሁ ብሎ አያውቅም። ናሆም የሽማግሌ ስም ነው። ናሆም፣ ኪሩቤል፣ ናትናኤል የሚባሉት ሁሉ ከዘራ ይዘው የሚሄዱ ናቸው፤ የሰፈሩ ልጆች ናሆም የሚባል ሕፃን ይወለዳል ቢሏቸው ይሥቃሉ።

ሥራው የመስመር ጀልባ መንዳት ነው። ከተራራው ሥር ተነሥቶ፣ ወደ ወለንጪቲ የሚሄዱት አውቶቡሶች እስከሚጠብቁበት ምዕራባዊ ዳርቻ ድረስ ይመላለሳል። በቀጥታ ቢሄድ ቶሎ ይደርስ ነበር፤ ግን አይሄድም። የመስመሩ ፈቃድ መጀመሪያ የተሰጠው ለሚኒባሶች ስለነበረ፣ ጀልባው ውኃው ሥር ያለውን የድሮውን አስፋልት ተከትሎ ነው የሚሄደው። መንገዱ በታጠፈበት ይታጠፋል፤ ፌርማታው ላይ ይቆማል። ማረሚያ እንዲወጣ ተብሎ ስንት ጊዜ አቤት ተባለ፤ ኋላ ሰውም ለመደውና አቤት ባዩ ጠፋ። "ጤና ጣቢያ ጋ ወራጅ አለ!" ይላል ተሳፋሪው፤ ጀልባው ዙሪያውን ውኃ ብቻ በሆነ ሥፍራ ላይ ቀጥ ይላል፣ አንዱ የዓሣ አጥማጅ ታንኳ መረቡን ትቶ ቀዘፍ ቀዘፍ ብሎ መጥቶ ወራጁን ይወስደዋል። ጋሽ ናሆም ወራጅ እያለ አልፎ አያውቅም። ማዕበል ቢኖር፣ ቢመሽ፣ ቢናደድ፣ "ወራጅ አለ" ከተባለ ይቆማል።

አንድ ልጅ አለችው፣ ሰከነች። መሬቱ ክረምቱን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ከርሞ ጸጥ ባለበት ቀን ስለተወለደች እናቷ ቤተልሔም ናት ስሙን ያወጣችላት። ነፍስ ካወቀች ጀምሮ የአባቷ ረዳት ሆና ከጀልባው ጫፍ እየቆመች ፌርማታ ስትጠራ አደገች። "ነዳጅ ማደያ! ወፍጮ ቤት! ጤና ጣቢያ!" አንዱንም በዓይኗ አላየችውም፤ ሐይቁ ከተማውን የዋጠው ከመወለዷ በፊት ነው። አሁን ዝናቡ የሚባል የወለንጪቲ ልጅ አግኝታ ልትዳር ነው። የሠርጉ ቀንም እሑድ ሆነ።

ይሄ ነው የጋሽ ናሆምን እንቅልፍ የነሣው። የሐይቅ ሰፈር ሴት ስትዳር ከደጇ ነው የምትወጣው። ደጇ ውኃ ሥር ቢሆንም ጀልባው በላዩ ይቆማል፤ አባት እርጥብ ሣር ውኃ ውስጥ እየነከረ ይመርቃል፤ ከዚያ ሙሽራዋ ወደ ሙሽራው ጀልባ ትሻገራለች። ቤተልሔም በመጨረሻዋ ሰሞን የባሏን እጅ ይዛ ያለችው ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው። "ልጄ ከደጇ ትውጣ። ከዚህ ከሰፈርንበት መጠለያ እንዳታወጣት፣ ናሆም። ደጅ አላት።" እሱም ማለላት።

ደጁን ማግኘት ለእሱ ከባድ አልነበረም። የሐይቁ ሰው በሙሉ ደጁን የሚያገኝበት ዘዴ አንድ ነው። በአስፋልቱ ላይ እየሄዱ ወደ ሰሜን፣ ወደ ፈንታሌ ተራራ ያያሉ። ከአናቱ ላይ፣ ድሮ እሳት የተፋበት አፉ ጠርዝ፣ አንድ ቦታ ላይ ጎደል ብሏል። ከግርጌው ደግሞ ከመሬት ስንጥቅ የሚወጣ እንፋሎት፣ ሌት ተቀን ሳያቋርጥ፣ ነጭ ሆኖ ይቆማል። እንፋሎቱ በተራራው ጉድለት ትክክል ሲሆን የጋሽ ናሆም ደጅ ላይ ደርሰዋል ማለት ነው። የሌላው ሰው ደጅ ደግሞ ከዚያ በቤት በቤት እየተቆጠረ ይገኛል። ቤቶቹ በመንገዱ ዳር የተደረደሩ ስለነበሩ ማንም ተሳስቶ አያውቅም ነበር፤ ወይም እንደዚያ ይመስላቸው ነበር።

ከጋሽ ናሆም ቀጥሎ በምሥራቅ በኩል የጋሽ ኪሩቤል ቤት ነበረ። እዚህ ላይ ነገር አለ።

ሁለቱ አጥር ለአጥር ጎረቤት ነበሩ። ያኔ ሁለቱም ጎረምሶች ነበሩ። ኪሩቤል ያረጀውን የቆርቆሮ አጥር አፍርሶ በብሎኬት ሲያሠራ ናሆም ወጥቶ አየና "አንድ ክንድ ገፍተኸኛል" አለው። ኪሩቤልም "ክንድህ አጭር ሆኖ ነው" ብሎ መለሰ። ነገሩ ከዚያ በኋላ ከሽማግሌ ወደ ፍርድ ቤት፣ ከፍርድ ቤት ወደ ይግባኝ ሄደ። የይግባኙ ቀጠሮ ሳይደርስ በሰቃ ደረሰ። ሐይቁ የናሆምን ግቢ፣ የኪሩቤልን ግቢ፣ የብሎኬቱን አጥርና የተካሰሱበትን ክንድ አንድ ላይ ዋጠው። መዝገቡ "የክርክሩ ሥፍራ ባለመገኘቱ" ተብሎ ተዘጋ። ኩርፊያው ግን አልተዘጋም፤ ለኩርፊያ ሥፍራ አያስፈልገውም።

ይኸው ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። በየእሑዱ ናሆም ጀልባውን በደጁ ላይ ያቆማል። ኪሩቤልም ከእሱ አንድ ቤት አለፍ ብሎ ታንኳውን በራሱ ደጅ ላይ ያቆማል። ጀርባ ለጀርባ ይሆናሉ። አንዱ ሣር ነክሮ ይመርቃል፣ አንዱ ዳዊቱን ይደግማል፣ ሲጨርሱም ሳይተያዩ ይሄዳሉ። ቤተልሔም ስታርፍ ኪሩቤል ለቅሶ መጥቶ ከድንኳኑ ጥግ ቆመ፤ እስከ መጨረሻው ቆሞ፣ እህል ሳይቀምስ ሄደ። ናሆም አይቶታል። አሁንም ድረስ ትዝ ሲለው ደሙ ይፈላል።

ሠርጉ ሊደርስ ሰሞን የተረኛው ድምፅ ተለወጠ። "ሸሽቷል" አለ አንድ ጠዋት። በማግስቱም "ሸሽቷል"፣ በሣልስቱም እንዲሁ። ወደ አዋሽ ወንዝ የሚያፈሰው አዲሱ ቦይ ተከፍቶ ነበር። ባለሱቆች እየረገሙም እየሣቁም ጎማቸውን ወደ ታች አንከባለሉ። ከሐይቁ ውስጥ መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች፣ ቀጥሎ የፎቅ ጫፎች፣ ከዚያም የየግቢው የብረት በሮች አናት በጨው ተለብጦ ብቅ ብቅ አለ። ሽማግሌዎች ዳር ላይ ተሰብስበው "ያ የእነ እገሌ ነው፣ ያ የእነ እገሌ" እየተባባሉ ዋሉ። አንዱም አልገጠመላቸውም፤ የርቀቱ ነው አሉ።

ዓርብ ዕለት ጋሽ ናሆም ሰከነችን ይዞ፣ ሥፍራውን ሊያስጌጥ፣ ፊኛና ቄጠማ በጀልባው ጭኖ ሄደ። አስፋልቱን ተከትሎ ነዳ። እንፋሎቱ በተራራው ጉድለት ትክክል ሲሆን ሞተሩን አጠፋ።

"ደረስን" አለ። "እዪው፣ ብቅ ብሏል! የገዛ በራችን!"

ሰከነች ጎንበስ ብላ አየች። ከውኃው እስከ ወገቡ ድረስ የወጣ ሰፊ የብረት በር ነው። ጨዉን በመዳፏ ፈገፈገችው። ከሥሩ አረንጓዴ ቀለም ወጣ፤ መሐሉ ላይ ኮከብ ተበይዶበታል።

"አባዬ፣ አንበሳው የታለ?"

የናሆም በር ላይ አንበሳ መኖር ነበረበት። በያጁ አንበሳ ልሥራ ብሎ ጀምሮ፣ ሲጨርሰው በግ የመሰለ አንበሳ፤ ቤተልሔም እስክትሞት ስትሥቅበት የኖረችው። ጋሽ ናሆም ኮከቡን አየ። ያውቀዋል። ፍርድ ቤት በሄደ ቁጥር በዚህ ኮከብ ፊት ለፊት አልፏል።

"ይሄ የኪሩቤል ነው" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"የኛስ?"

ወደ ምዕራብ ዞረ። አንድ ቤት አለፍ ብሎ፣ ውኃው ዳር ከበቀለው ፊላ መሐል፣ በጨው የነጣ በግ አንገቱን አውጥቶ ያያቸዋል። ሰከነች ቀድማ ሣቀች። አፏን በእጇ ይዛ፣ ጀልባው እስኪወዛወዝ ሣቀች። አባቷ አልሣቀም።

"ማነው ያዛወረው?" አለ። "በር እንዴት ይሄዳል?"

"በሩማ የት ይሄዳል፣ አባዬ" አለች እንባዋን እየጠረገች። "ያንን እየው እስቲ።"

ወደ ፈንታሌ እየጠቆመች ነበር። ነጩ እንፋሎት እንደወትሮው ቆሟል። ከእንፋሎቱ ምዕራብ ግን፣ በተራራው ግርጌ፣ ቁጥቋጦ የማይበቅልበት ነጭ ጠባሳ ነበር፤ ከእሱ ወዲህ ሌላ፣ ከዚያም ወዲህ ሌላ። ጋሽ ናሆም እነዚያን ጠባሳዎች ዕድሜውን ሙሉ ሲያያቸው ኖሯል። ምን እንደሆኑ ጠይቆ አያውቅም። እንፋሎቱ የነበረባቸው ናቸው። መሬት ስንጥቋን እየተከተለች፣ በዓመት ትንሽ በዓመት ትንሽ፣ እንፋሎቷን ወደ ምሥራቅ ስታዛውር ነበር። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ ናት፤ ማንም አላወቀባትም። ከእንፋሎቱ ጋር የናሆም ደጅ ሄደ፤ ከናሆም ደጅ እየቆጠሩ ደጃቸውን የሚያገኙት ሁሉ አብረው ሄዱ። የሰመጠው መተሐራ በሙሉ አንድ ቤት ተራምዷል።

ወሬው እስከ ማታ ከተማውን አዳረሰው። ሰዉ ሁሉ እየሄደ የየበሩን ነገር አየ። ጤና ጣቢያ ብሎ ሲወርድ የነበረው ወፍጮ ቤት ሲወርድ ነው የኖረው። አንዲት ሴት ለእናቷ ማስታወሻ ብላ በየዓመቱ አበባ የምትጥልበት ሥፍራ ፑል ቤት ሆኖ ተገኘ፤ "እሷም ጨዋታ ትወድ ነበር" ብላ ተጽናናች። ከሁሉ የባሰው ግን የጋሽ ኪሩቤል ነው። በዕድሜው ቢራ ቀምሶ የማያውቅ፣ ጾም የማያጎድል ሰው፣ ዳዊቱን በየእሑዱ ሲደግም የኖረው በአንድ ግሮሰሪ ላይ ነው። እንፋሎቱ ቀስ በቀስ ወደ ላይኛው መተሐራ አቅጣጫ እየመጣ መሆኑንም ያስተዋሉ ነበሩ። "በልጅ ልጆቻችን ጊዜ ወጥ ቤታችን ሥር ይደርሳል" አለ አንዱ። "ያኔ ሻይ በነፃ ነው" አለው ሌላው። በዚሁ ታለፈ።

ጋሽ ናሆም ግን ቤቱ ገብቶ ተቀመጠ። ስንትና ስንት ዓመት ያለፈቃድ የሰው ግቢ ገብቶ ኖሯል። ድንበር ገፋኝ ብሎ የከሰሰ ሰው ድንበር ገፊው እሱ ሆነ፤ ያውም አንድ ክንድ አይደለም፣ ቤት ሙሉ።

ይኸም ብቻ ቢሆን በተሻለ። ቅዳሜ ጠዋት የራሱን በር ሊሞክር ሄደና ፊቱ ጠቆረ። ከአንበሳው በር ፊት ለፊት ጭቃ ተቆልሏል፤ ፊላ በቅሎበታል። ጀልባ አያልፍም፤ በእግር የገባ ደግሞ እስከ ብብቱ ይሰምጣል። የኪሩቤል በር ፊት ግን ጥልቅ ነው፣ ሁለቱም መዝጊያዎች ወደ ውስጥ ተከፍተው ቀርተዋል። በኪሩቤል በር ገብቶ፣ ግቢውን አቋርጦ ካልሆነ በቀር፣ ወደ ናሆም ቤት የሚያደርስ ሌላ መንገድ የለም።

"ጠይቀዋ" አለች ሰከነች።

"ማንን?"

"አባዬ።"

"እኔ ኪሩቤልን መንገድ ስጠኝ? ከምለው ምላሴ ይቆረጥ! እንደ ድሮው በላዩ እንቆማለን፤ ማን ይከለክለናል?"

"በማን ደጅ ላይ?" አለች። ቀጥላም ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ "እማዬ ከደጇ ነው ያለችው። ከሰው ደጅ አላለችም።"

ጋሽ ናሆም ኮፍያውን አንሥቶ ደፋ። መልሶ አወለቀው። እንደገና ደፋውና ወጣ።

የኪሩቤል ሱቅ መረብና ገመድ ይሸጣል። በዚያን ቀን ጎማው አዲሱ ዳርቻ ላይ ቆሞ ነበር። ጋሽ ኪሩቤል በርጩማ ላይ ተቀምጦ ገመድ ይጠቀልላል፤ ከሳ ያለ፣ ረጅም፣ መነጽሩን በክር ያሰረ ሰው ነው። ናሆም ከፊቱ ቆመ። ምን ብሎ እንደሚጀምር መንገዱን ሙሉ አስቦበት ነበር፤ ሁሉም ጠፋበት።

"መሬት እንዴት አደረችላችሁ?" አለ በመጨረሻ።

የኪሩቤል እጅ ገመዱ ላይ ቀጥ አለ።

"ተመስገን፣ ከነሰዎቿ።"

አንድ መረብ ገዢ መጣ፤ የሁለቱን ፊት አይቶ ሳይናገር ተመለሰ።

"ነገ ልጄን እድራለሁ" አለ ናሆም።

"ሰምቻለሁ። እንኳን ደስ አለህ።"

"የመጣሁት... በሬ ፊት ጭቃ ሞልቶታል። ጀልባዬን በአንተ በር አስገብቼ በግቢህ ላሻግር ብዬ ነው። መንገድ ስጠኝ።"

"አልሰጥህም።"

የጋሽ ናሆም ጆሮ ጋለ። ዞረ።

"ቁም እንጂ!" አለ ኪሩቤል ከኋላው። "ሰው ሲናገር አስጨርስ! ያኔም ሳታስጨርሰኝ ነው ፍርድ ቤት የሮጥከው። መንገድ የሚሰጠው ለአላፊ አግዳሚ ነው። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። በየእሑዱ ምንድን ነበር የምትለው?"

"የት?"

"ጀልባህ ላይ ሣር ይዘህ። ጀርባዬን ብሰጥህ ጆሮዬን የሰጠሁህ መሰለህ? 'ደጄ አይዘጋ፤ የወጣ በሰላም ይመለስ፤ የገባ ጠግቦ ይውጣ።' በቃሌ ይዤዋለሁ። ያንን ሁሉ ዓመት ያንን ሁሉ ምርቃት በማን ደጅ ላይ ነው ስታፈሰው የኖርከው?"

ናሆም መሬት መሬት አየ። "በአንተ።"

"በእኔ! ልጆቼ በየአገሩ ሄዱ፣ በየበዓሉ ሳይጎድሉ ይመለሳሉ። እንግዳ ጠግቦ ያልወጣበት ቀን የለም። ሚስቴ 'ምነው እንዲህ ቀናን' ስትለኝ፣ እኔ ደግሞ የዳዊቴ ነው ብዬ ደረቴን ስነፋ።" መነጽሩን አወለቀ። "ለካ የእኔ ዳዊት ለግሮሰሪ ነው የሄደው።"

ናሆም ሊይዘው ሞክሮ ነበር፤ አልቻለም። ከሆዱ የመጣ ሣቅ አፈነዳ። ኪሩቤል በቁጣ አየው፤ ከዚያ የእሱም ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሰዎች መሬቱ ነው ብለው ከየሱቃቸው ብቅ አሉ፤ ሁለቱን ሽማግሌዎች አንድ ላይ ሲያዩ ደግሞ ይበልጥ ደነገጡ።

"እና" አለ ኪሩቤል ዓይኑን እየጠረገ፣ "ልጅቷ በእኔ ግቢ አታልፍም። ከእኔ ደጅ ትወጣለች። ምርቃቱ ያለው እዚያ ነው፤ አንተው ነህ ያስቀመጥከው። ያስቀመጡትን መውሰድ ድንበር መግፋት አይደለም።"

"ቤተልሔም ከደጇ ነው ያለችኝ፣ ኪሩቤል። ምያለሁ።"

"ከቤቷ አስነሣት፣ በእኔ በር አውጣት። በመሐል አጥር የለም። ትናንት ሄጄ አየሁት። ወድቋል።"

"ብሎኬቱ?"

"ጨው በልቶታል።" ኪሩቤል ገመዱን መልሶ አነሣ፤ ግን አልጠቀለለውም። "ለቅሶው ላይ እህል ያልቀመስኩት ከኩርፊያ ነው ብለህ ይሆናል። አልወርድ ብሎኝ ነው። እኔና አንተ ስንካሰስ እሷ በዚያ አጥር ላይ ለሚስቴ እርሾ ታቀብላት ነበር። አንድም ቀን አላቋረጠችም። አታውቅም ነበር አይደል?"

ናሆም አያውቅም ነበር። በርጩማ ሳበና ተቀመጠ፤ እስኪመሽም እዚያው ነበር።

እሑድ ጠዋት ድምፅ ማጉያዎቹ ተንኮሻኮሹ። "ሐይቁ ትናንት በነበረበት። መሬቱ ደኅና አድሯል" አለ ተረኛው፤ ቆም ብሎም ከራሱ ጨመረ። "ሙሽራ አለችና የሞተር ጀልባዎች ሞገድ አታንሡ።"

የወለንጪቲ ሰዎች ከደረቁ አገር በአውቶቡስ መጥተው በሁለት ጀልባ ተሳፍረው ደረሱ። ጠላው በግማሽ ብርጭቆ ሲቀርብላቸው የሙሽራው አጎት ፊቱን አኮማተረ፤ ሰስተውብናል አለ በሆዱ። ወዲያው መሬቱ ትንሽ ነቅነቅ አደረጋቸውና ያለችዋ ግማሽ ብርጭቆ ልብሱ ላይ ልትፈስ ደርሳ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ስለ ልኩ አልተናገረም። ዝናቡ፣ ሙሽራው ራሱ፣ ዋና የማይችል ልጅ ነው፤ የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጁ ይዞ ላብ በላብ ሆኖ ፈገግ ይላል።

ጋሽ ናሆም ጀልባውን በቀስታ በኮከቡ በር አስገባ። ከፊት ኪሩቤል ረጅም ዘንግ ይዞ ጥልቀቱን እየሞከረ "ግራ... ትንሽ ቀኝ" ይለዋል። ከመሐል ሰከነች ነጭ ለብሳ ተቀምጣለች። የኪሩቤልን ግቢ አቋረጡ። የናሆም ቤት ጣሪያው ሄዷል፤ ግድግዳው ቆሟል። የሳሎኑ በር ክፍት ነው፣ ውኃው ከውስጡ ገብቶ ይወጣል። ጀልባው አፍንጫውን እዚያ ላይ አስገብቶ ቆመ።

ሰከነች ተነሣች። እጇን ዘርግታ መቃኑን ነካችው፤ ጣቶቿ ላይ ጨው ቀረ። የፌርማታ ስም እየጠራች ያደገችበት ከተማ ውስጥ ስትገባ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ጣቷን ላሰችው።

"እማዬ እዚህ ነበረች?"

"እዚህ" አለ ናሆም።

እርጥቡን ሣር ውኃ ውስጥ ነከረ። "ደጄ አይዘጋ" አለ። "የወጣ በሰላም..." እንደገና ሞከረ፤ "የወጣ" አለና ቆመ። ሠላሳ ዓመት ያለማወላወል ያለው ቃል አልወጣ አለው።

ኪሩቤል ዘንጉን አስቀመጠ። "የወጣ በሰላም ይመለስ" አለ፣ ልክ በናሆም ዜማ። "የገባ ጠግቦ ይውጣ።"

"አሜን" አሉ በጀልባው ያሉት። ከአጥሩ ውጪ ያሉት የወለንጪቲ ሰዎችም ሰምተው "አሜን!" አሉ፤ ውኃ ድምፅ አይደብቅም።

ሲመለሱ በሁለቱ ግቢ መሐል ናሆም ፍጥነቱን ቀነስ አደረገ። ወደ ውኃው አዘቅዝቆ አየ። ነጭ ደለል ብቻ ነው።

"እዚህ ጋ ነበር" አለ።

"ምኑ?"

"አጥሩ ነዋ።"

"የለም፣ ትንሽ ወዲያ ነው" አለ ኪሩቤል ዘንጉን እየጠቆመ።

"ወዴት ወዲያ? ያ'ኮ የእኔ ሎሚ የነበረበት ነው!"

"ሎሚህማ ከዚህ ነበር። ምን ነካህ?"

"ኧረ በሕግ!" አለች ሰከነች፤ ሁለቱም ሣቁ፣ ግን አንዳቸውም አልተረቱም። ጀልባዋ በዚያ በተካሰሱበት ክንድ ላይ ቀስ ብላ አለፈች።

የኮከቡ በር ደረሰ። ከበሩ ውጪ የሙሽራው ጀልባ በፊኛ አጊጦ ይጠብቃል፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ እንደሚባለው፣ ሙሽራው ራሱ ገና አላመነም፤ አፉን ከፍቶ ያያታል። ጋሽ ናሆም ሞተሩን አልቀነሰም። ደስ ብሎት ነበር፤ ከልቡ ደስ ብሎት ነበር። ግን መንገዱ ከፊቱ ክፍት ነው፣ አስፋልቱ እዚያ ሥር አለ፣ ወፍጮ ቤትም ጤና ጣቢያም ከዚያ በኋላ አሉ። እጁ መሪው ላይ፣ ዓይኑ ፈንታሌ ላይ ሆኖ፣ ጀልባው በበሩ ወጥቶ ከሙሽራው ጀልባ አጠገብ ሽው ብሎ ሊያልፍ ምንም አልቀረው።

ሰከነች ከኋላው መጥታ ትከሻውን ነካ አደረገችው። ልጅ ሆና ከጀልባው ጫፍ ስትጣራ በነበረበት በዚያው ድምፅ፣ ጮክ ብላ፦

"ወራጅ አለ!"

ጋሽ ናሆም ሞተሩን አጠፋ።